የጓሮዬ ቆስጣ የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እስቲ ዛሬ አንድ ጥያቄ አንሥተን አብረን እንነጋገር። ሰው በራሱ ዘር፣ በራሱ ዶማ፣ በራሱ ላብ ያበቀለው ነገር የማን ነው? «ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ አለው? የዘሪው ነዋ!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። በ2017 ዓ.ም. የሁዳዴ ጾም ግን አንዲት ትንሽ የቆስጣ መደብ መልሱ እንዲህ በአጭሩ የሚያልቅ እንዳልሆነ አስተማረችኝ። ታሪኩ ትንሽ ነው፤ የሚያሳፍረውም ሌላ ሰው ሳይሆን እኔኑ ነው። ቢሆንም ከእናንተም መካከል በጓሮው፣ በበረንዳው፣ በአሮጌ ጆንያና በተቀደደ ሳፋ ሳይቀር አትክልት የሚዘራ አይጠፋምና ይጠቅማል ብዬ እነግራችኋለሁ።

ከዶማ ጋር ትውውቅ

ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ጎመን ከገበያ እንጂ ከመሬት የሚመጣ አይመስለኝም ነበር ብል ብዙም አላጋነንሁም። የምንኖረው አምስት አባወራ በአንድ ግቢ ሆነን ነው። ቧንቧው ለሁላችንም አንድ ነው፤ ውሃውም በፈረቃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ይመጣል። ከቤቴ ጀርባ አንድ ሜትር በሦስት ሜትር የምትሆን ባዶ ቦታ ነበረች። የጾም ወራት በቀረበ ቁጥር የአትክልት ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ አየሁና «ለምን የጾም ወጣችንን ራሳችን አናበቅልም?» አልሁ።

በጥር ወር ጀመርሁ። ትኩስ እበት ለመንኩና እንዳለ መሬቱ ላይ ደፋሁት። ብዙ ከሆነ ብዙ ይጠቅማል ብዬ ነው። ከዚያም እያንዳንዷን የቆስጣ ፍሬ ጣቴን እስከ አንጓው እየሰደድሁ ቀበርኋት። በግቢያችን ከአክስቷ ጋር የምትኖር፣ ከገጠር የመጣች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አለች፤ ቀን አክስቷን ትረዳለች፣ ማታ ትማራለች። ስቆፍር ቆማ አየችኝና «ጋሼ፣ ይሄ እበት እኮ አልበሰለም፤ ሥሩን ያቃጥለዋል። ዘሩም በጣም ጠልቋል» አለችኝ። እኔ ግን በዕድሜዬም በትምህርቴም ተመክቼ «አንቺ ደግሞ!» ብዬ ሳቅሁባት።

የሆነው እንዳለችው ነው። አብዛኛው ሳይበቅል ቀረ። ብቅ ያለውም ቢጫ ሆኖ ደረቀ።

ለሁለተኛ ጊዜ ስዘራ የልጅቷን ምክር ተከተልሁ። ወራት የቆየ፣ ሽታውን የጨረሰና እንደ አፈር የፈራረሰ ፍግ ፈልጌ ከአፈሩ ጋር አዋሐድሁ። ዘሩን ከአንድ ጥፍር በማይበልጥ ጥልቀት ብቻ አፈር አለበስሁት፤ ፀሐይ እንዳያደርቀውም በላዩ ጭድ በተንሁበት። ይህን ሁሉ ከማን እንደተማርሁት ግን ለማንም አልተናገርሁም። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ስርቆት በዚህ ግቢ የተፈጸመው ያን ቀን ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ አላወቅሁትም።

የዘራሁት ጾሙ በገባበት ሰኞ፣ የካቲት 17 ነበር። ቆስጣ ከተዘራ ከሃምሳ እስከ ስድሳ ቀን ባለው ጊዜ በደንብ ይደርሳል። የሁዳዴ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። «ከጾሙ ጋር ዘርቼ ከጾሙ ጋር አጭዳለሁ» ብዬ ደስ አለኝ። በዘጠነኛው ቀን አፈሩን ሰንጥቆ ብቅ ሲል ልጅ የተወለደልኝ ያህል ተሰማኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጠዋት ስነሣ ከጸሎት በፊት የማየው መደቤን ነበር።

ዘጠኙ ቀናት

በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ተላክሁ። ባለቤቴም በዚያ ሰሞን እናቷን ለማስታመም ልጆቹን ይዛ ሄዳ ነበር። ዘጠኝ ቀን ቤቱ ተዘጋ። ወሩ መጋቢት ነው፤ ፀሐይዋን ታውቋታላችሁ። ገና ሦስት አራት ቅጠል ያወጣ ቡቃያ ያለ ውሃ ዘጠኝ ቀን እንደማይቆይ ለእኔ እንኳ አይጠፋኝም። ተስፋዬን ቆርጬ ነው የተመለስሁት።

ስገባ መደቧ ለምልማ አገኘኋት! አፈሩም እርጥብ ነበር። «እግዚአብሔር ጠበቀልኝ!» አልሁ። በማግሥቱ ለመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ «ተአምር አየሁ» እያልሁ አወራሁ። ማመስገኔ ጥሩ ነበር። ግን እግዚአብሔር በማን እጅ እንደጠበቀልኝ አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ኖሮ የሚመሰገን ሰው ይመጣል፤ የሚመሰገን ሰው ከመጣ ደግሞ የሚካፈል ሰው መጣ ማለት ነው።

ወገኖቼ፣ ይህ ዓይነቱ ምስጋና በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። እግዚአብሔርን እናመሰግንና እጁን እንዘላለን። ልጃችን ተምሮ ሲመረቅ «የእግዚአብሔር ሥራ ነው» እንላለን፤ ሌሊት ተነሥታ ምሳውን የቋጠረችውን ሠራተኛ ግን አናስታውሳትም። እግዚአብሔርን ማመስገን ለሰው ያለብንን ዕዳ አያስቀርም።

የጠፋው ቡቃያ

ከተመለስሁ ከሁለት ቀን በኋላ መደቡን በደንብ ስመለከተው ሳሳ አለብኝ። ከመሄዴ በፊት ቆጥሬው ነበር (አዎ፣ ቡቃያ እቆጥር ነበር!)። አሁን ስቆጥረው ከሲሶው የሚበልጠው የለም። ተነቅሏል። ቀጥሎ ባለው ሳምንት ደግሞ ከዳር ከዳር ቅጠል እየተቆረጠ አገኘሁ። ደሜ ፈላ። እሾህ አምጥቼ ዙሪያውን አጠርሁ፤ በላዩም አሮጌ ሽቦ ወጠርሁ። ሌሊት ኮሽ ባለ ቁጥር እየተነሣሁ በመስኮት አያለሁ። የጸሎት ሰዓቴን ዘበኝነት ወሰደው። በዚያ ጊዜ ሥጋ አልበላሁም፣ ወተት አልጠጣሁም፤ በልቤ ግን ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ እያነሣሁ ስበላቸው አድር ነበር።

መጋቢት 20 ቀን ቅዳሜ ማለዳ፣ ውሃ መጥቶ የግቢው ሰው ጀሪካኑን ደርድሮ ቧንቧው ጋ ቆሟል። ያቺ ልጅ በነጠላዋ ሥር የቆስጣ ቅጠል ይዛ ከጀርባ ስትወጣ አየኋት። «ለካ አንቺ ነሽ!» ብዬ ጮኽሁ። ያን ያህል ሰው ባለበት ያልተናገርሁት የለም። ልጅቷ አንድም ቃል አልመለሰችም፤ አንገቷን ደፋች። አክስቷ በኀፍረት ተቃጥላ «እኔ ሌባ አላስተምርም!» አለችና ከማታ ትምህርቷ አስቀረቻት።

ገብርኄር

ማግሥቱ እሑድ የጾሙ ስድስተኛ ሰንበት ነበረ፤ ገብርኄር። የዕለቱን ወንጌል ታውቁታላችሁ (ማቴ. 25፥14-30)። ጌታው ለሦስት አገልጋዮቹ መክሊት ሰጥቶ ሄደ፤ ሁለቱ ነግደው አተረፉ፣ ሦስተኛው ግን መሬት ቆፍሮ ቀበረው። ይህን ወንጌል ከልጅነቴ ጀምሬ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን «ቆፈረ» የምትለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። እኔስ መሬት ቆፍሬ የለም እንዴ?

አስቡት እስቲ። የሚቀብርም ይቆፍራል፤ የሚዘራም ይቆፍራል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሥራቸው አንድ ነው። የሚቀብር ሰው ግን አንድም ሳይጎድል ያንኑ መልሶ ሊያወጣ ነው። የሚዘራ ሰው ያቺን ፍሬ መልሶ አያገኛትም፤ አፈር ውስጥ ትፈርሳለች። መዝራት የሚጀምረው እጅን በመዘርጋት ነው። እኔ ዘርቼ ጀመርሁና ቀብሬ ጨረስሁ። እሾሁና ሽቦው፣ ቆጠራውና የሌሊት ዘበኝነቱ የዘሪ ሥራ አልነበረም።

ከቅዳሴ በኋላ አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን ቡና ጠሩኝ። ስኒውን ሰጥተውኝ ትንሽ ዝም አሉና «የኔ ልጅ፣ ክፍለ ሀገር ስትሄድ መደብህን ማን ያጠጣው መስሎህ ነው?» አሉኝ። እኔም ዝም አልሁ። «ያቺ ልጅ እኮ ናት። የአትክልት እጣቢውን በሳፋ እያጠራቀመች፣ ሲጎድልባት ከራሷ ጀሪካን እየጨመረች ጠዋትና ማታ ታጠጣልህ ነበር። የነቀለችውም ተፋፍጎ የበቀለውን ነው። ‹ካልሳሳ አይወፍርም› ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።»

ቡናው በጉሮሮዬ አልወርድ አለ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ አንዷ የቆስጣ ፍሬ ብለን የምንዘራት ነገር በውስጧ ሁለት ሦስት ዘር አንድ ላይ የያዘች ናት። ስለዚህ ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ሆኖ ይበቅላል። ደካማው ተነቅሎ ጠንካራው ካልቀረ ሁሉም ተሻምቶ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። እኔ ስርቆት ያልሁት ነገር የቀረውን ያወፈረለኝ ሥራ ነበር። የተነቀለው ቡቃያም የሚበላ ነውና ወጥ ሠርታበታለች።

ታዲያ ሌባው ማን ነበር?

ነገሩን ግን አለሳልሼ ልለፈው አልፈልግም። ቅጠሉንስ? ቅጠሉን ሳትጠይቅ ቆርጣለች። እሷ ራሷ በኋላ «ጋሼ፣ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አጥፍቻለሁ» ብላኛለች። ከእናንተም መካከል «ታዲያ ያጠጣ ሁሉ ያለ ፈቃድ ይቁረጥ? እንዲህ ከሆነ ማን ይዘራል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

የኦሪቱን ሕግ እንመልከት። በዘዳግም 23፥24-25 ወደ ባልንጀራው ወይን ቦታ የገባ ሰው እስኪጠግብ መብላት ይችላል፤ በዕቃ ሞልቶ መውጣት ግን አይፈቀድለትም። በባልንጀራው እርሻ ውስጥ የሚያልፍም እሸት በእጁ ይቀጥፋል፤ ማጭድ ግን አያነሣም። እንዴት ያለ ጥንቃቄ የተሞላበት ሕግ እንደሆነ ተመልከቱ! እርሻው የባለቤቱ ነው፤ ለዚህ ነው ማጭድ የተከለከለው። የተራበው ሰውም ድርሻ አለው፤ ለዚህ ነው እጁ ያልተከለከለው። በዘሌዋውያን 19፥9-10 ደግሞ ባለ እርሻው የእርሻውን ዳርቻ ጨርሶ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም ለድኻና ለስደተኛ እንዲተው ታዟል። ልብ በሉ፤ ዳርቻውን የሚተወው ለምኑኝ ብሎ ሳይሆን ሳይለመን ነው። ቦዔዝ ሩት እንዳታፍር ብሎ አጫጆቹን ከነዶው ሆን ብለው እየጣሉ እንዲያልፉ ያዘዛቸው ለዚህ ነበር (ሩት 2፥15-16)።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን ራሳችንን ስንመዝን፣ ልጅቷ በእጅዋ ቀጠፈች እንጂ ማጭድ አላነሣችም። እኔ ግን ዳርቻ አልተውሁም። በዳርቻው ላይ እሾህ ነው የተከልሁበት።

ይህ ብቻም አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ (5፥4) እርሻ አጭደው ደመወዛቸው ስለተቀረባቸው ሠራተኞች ይናገራል፤ የተቀረው ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይለናል። ዘጠኝ ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት፣ ያውም ውሃ እንደ ወርቅ በሚታይበት ግቢ፣ ዋጋው ስንት ነው? የሰጠችኝስ ምክር? እኔ ይህን ሁሉ ወስጄ ዝም አልሁ፤ እሷ አንድ እቅፍ ቅጠል ወስዳ ሌባ ተባለች።

በሉቃስ 12 ስለዚያ ባለጠጋ ሰው የተነገረውን ምሳሌ ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ባለጠጋው አንድም ሰው አለማንሣቱ ነው። ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ ነፍሴ ይላል። ያረሰለት፣ ያጨደለት፣ የወቃለት ሰው በንግግሩ ውስጥ የለም። ምሳሌው በከንቱ የከበረ ገበሬን ብቻ የሚወቅስ መስሎኝ ነበር። ለካ በሦስት ሜትር መደብም ያ ባለጠጋ መሆን ይቻላል!

የአባ እንጦንስ ጓሮ

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ የማስበው የመነኮሳት አባት የቅዱስ እንጦንስን ጓሮ ነው። የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ በአራተኛው መቶ ዓመት በጻፈው ታሪኩ እንደምናነበው፣ እንጦንስ በበረሃው ተራራ ሳለ ሰዎች ምግብ ለማድረስ ሲደክሙ አይቶ አዘነ። መቆፈሪያና ጥቂት እህል አስመጥቶ፣ ውሃ ባለበት ቦታ ትንሽ መሬት ቆፍሮ ዘራ። ለማንም ሸክም አለመሆኑ ደስ አሰኘው። በኋላ ግን ሰዎች ወደ እርሱ መምጣት ሲጀምሩ አትክልት ጨመረበት። ለምን? ያን አስቸጋሪ መንገድ ተጉዞ የሚመጣው እንግዳ ጥቂት እንዲበረታ ብሎ ነው። ውሃ ሊጠጡ የሚመጡ አራዊት አትክልቱን ባበላሹበት ጊዜም አንዱን በቀስታ ይዞ፣ እኔ ሳልጎዳችሁ ለምን ትጎዱኛላችሁ ብሎ በጌታ ስም አሰናበታቸው።

ሁለቱን ጓሮዎች ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። እንጦንስ መጀመሪያ ለማንም ሸክም ላለመሆን ዘራ፤ ቀጥሎም ለሚመጣው ሰው ዘራ። እንግዳው ከመድረሱ በፊት ድርሻው መሬት ውስጥ ነበር። እኔ አራዊት ሳይሆን ያጠጣችኝን ልጅ፣ በቀስታ ሳይሆን በጩኸት አባረርሁ።

ከአፍ የወጣ ቃል

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «በሰው ፊት ያዋረድሃትን በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቃት፤ እዚያው ቧንቧው ጋ» አሉኝ። ውሃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቄ፣ ያው ሰው በተሰለፈበት፣ ልጅቷንም አክስቷንም ይቅርታ ጠየቅሁ። ውሃውን ማን እንዳጠጣ፣ ዘሩ እንዴት እንደበቀለ፣ ምክሩን ከማን እንደሰማሁ ሁሉ ተናገርሁ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ይሁንና ሸክሜ ቀለለልኝ።

አክስቷ ወደ ትምህርቷ መለሰቻት። በዚያ ሳምንት ግን አንድ ፈተና አልፏታል። ልጅቷም «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ ጋሼ» አለችኝ። ከልቧ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መደቡን ነክታው አታውቅም። «ነይ ቁረጪ፣ የአንቺም ነው» ስላት «እሺ ጋሼ» ትልና አልፋ ትሄዳለች። ቆስጣ ዳር ዳሩን ሲቆርጡት ከመሐል እንደገና ያበቅላል። የሰው ልብ ግን እንደ ቆስጣ ቶሎ አያቆጠቁጥም። ይቅርታ ተደርጎልኛል፤ የሰበርሁት ግን ሁሉም አልተጠገነም። ይህን የምጽፍላችሁ አንድም ለዚህ ነው። ከአፍ የወጣ ቃል አይመለስምና፣ ከመናገራችሁ በፊት «ማን አጠጣው?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኛስ ምን እናድርግ?

ውድ አንባብያን፣ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የጓሮዬ ቆስጣ የማን ነው? የእኔ አይደለም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ዘርቼዋለሁ፣ ጠብቄዋለሁ። የእኔ ብቻ ነው ማለትም ውሸት ነው። ጳውሎስ ተከለ፣ አጵሎስ አጠጣ፣ ያሳደገው ግን እግዚአብሔር ነው የሚለውን የሐዋርያውን ትምህርት (1ቆሮ. 3፥6-7) አብዛኞቻችን የምናስታውሰው ለስብከት ነው። ለጓሮም ይሠራል። አንድ ቅጠል ሦስት ባለቤት አለው፤ የተከለ፣ ያጠጣና ያሳደገ። ሁለተኛውን ረስተን ሦስተኛውን ብናመሰግን ምስጋናችን ጎዶሎ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጾም ዘር ለመዝራት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመዝራታችሁ በፊት ዳርቻውን ለዩ። አንዱን መስመር «ይሄ የጎረቤት ነው» በሉት፤ ጎረቤታችሁም ይህን ይወቅ፣ መጠየቅ እንዳያሳፍረው። ምክር የሰጣችሁን ሰው ስም ጥሩ። ጓሮ የሌላችሁም ከዚህ ነገር ውጪ አይደላችሁም። ደመወዛችሁ፣ ሱቃችሁ፣ ወንበራችሁ ሁሉ መደብ ነው፤ ያጠጣው ሰው አለ። በጾም የተቆጠበው የሥጋና የወተት ዋጋም ዳርቻ ነውና እስከ ጫፉ አትጨዱት። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የሚወቅሰው እየጾመ የሚጣላውን፣ የሚያመሰግነው ደግሞ እንጀራውን ለተራበ የሚቆርሰውን ነው። የእኔ ጾም በየትኛው በኩል እንደነበረ አንብባችኋል።

ዘንድሮም ዘርቻለሁ። እሾሁን አንሥቼዋለሁ። ከመንገዱ በኩል ያለውን መስመር ለማንም ሳልናገር ለልጅቷ ለይቼ ነበር፤ ኋላ ግን ዝም ማለቱ ያው የድሮ ጠባዬ መሆኑ ታወቀኝና ሄጄ ነገርኋት። «እሺ ጋሼ» አለች እንደ ልማዷ። ትንሽ ራመድ ካለች በኋላ ግን ዞር ብላ መደቡን አየችና «ዘንድሮም ተፋፍጓል» አለችኝ። አልሳቅሁባትም። ዝቅ ብዬ ማሳሳት ጀመርሁ።

የዘራነውን የሚያሳድግ፣ የበደልነውን ይቅር የሚል አምላክ ጾማችንን ይቀበልልን፤ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ምልጃ፣ የአባታችን የቅዱስ እንጦንስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።